አጭሩ ጄት ለምን ገዢ አጣ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባለፈው ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር ቡና ስንጠጣ አንድ ወዳጄ «ለድሬዳዋ መስመር አጠር ያለ ጄት ቢገዙ አይሻልም?» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን አጭሩን ጄት፣ ኤርባስ ኤ318ን፣ አየር መንገዶች በተሻሙበት ነበር። የተሠራው ግን 80 ብቻ ነው። ቦይንግ 737-600ም 69 ላይ ቆመ።

እነዚህ አውሮፕላኖች ሲጀመር ትንሽ ተደርገው አልተነደፉም። ትልቁ ወንድማቸው ወገቡ ላይ ተቆርጦ ነው ያጠረው። ክንፉ ያው፣ አብራሪዎቹም ያው ሁለት። እስቲ ከሚኒባስህ የኋላውን ሁለት ረድፍ ወንበር ቆርጠህ ጣል። ሾፌሩና ረዳቱ ደመወዝ ይቀንሱልሃል? ሞተሩስ፣ ጎማውስ? ነዳጁ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል፤ የጎደለውን ወንበር ሒሳብ ግን አይሞላም። ደግሞ የበዓል ሰሞን ሰው ሲበዛ ቆመህ ታያለህ።

አጭሩ ጥቅም የለውም አልልም። ኤ318 ለንደን ከተማ ውስጥ ያለችው አጭር ማኮብኮቢያ ላይ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ያርፍ ነበር። ግን ስንት አየር መንገድ ነው ይህን የሚፈልገው?

ለጥቂት ሰው ከሆነ ከመነሻው ለዚያ የተሠራ አለ። እኛ ዘንድ የሚመጣው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው400 አንዱ ነው። ትንሽ ይጮሃል፤ ለአዲስ አበባ መንገድ ግን ምን አለው?

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ