ለሽያጭ እንዲሰናዳ በሰጠሁት ቤት ላይ ስለተፈጸመ የውል ጥሰት የቀረበ ቅሬታ

ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቤት ማስዋብ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፡- ከውል ውጭ የተጠየቀው ክፍያ እንዲሰረዝና የተበላሸው ሥራ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ሰሚት ኮንዶሚኒየም የሚገኘውን ባለ ሁለት መኝታ ቤቴን ገዥ ከማየቱ በፊት እንድታሰናዱልኝ ከድርጅታችሁ ጋር የጽሑፍ ውል መፈራረማችን ይታወቃል። የሥራው ጠቅላላ ዋጋ ከ85,000 ብር እንደማይበልጥ፣ ተጨማሪ ወጪ ካስፈለገም አስቀድሞ በጽሑፍ ፈቃዴ እንደሚጠየቅ በውሉ ሰፍሯል። የሥራ ዝርዝሩም ረጅም አልነበረም፤ የመታጠቢያ ቤቱን ፍሳሽ መጠገን፣ ግድግዳውን ፍቆ በአንድ ዓይነት ነጣ ያለ ቀለም መቀባት፣ የተቃጠሉ አምፖሎችን መለወጥ፣ የተንጋደደውን የወጥ ቤት ቁም ሣጥን መዝጊያ ማስተካከል፣ መስኮትና ወለል ማጽዳት፣ የተከማቸ ዕቃ ማውጣት። ለሚሸጥ ቤት የሚወጣ ገንዘብ ገዥው በሚፈትሸው ቦታ ላይ እንዲውል ለባለሙያችሁ ስነግራቸው እርሳቸውም ተስማምተው ነበር።

የተረከብኩት ግን ሌላ ቤት ነው። የሳሎኑ ጣሪያ ድሮውንም ዝቅ ያለ መሆኑ እየታወቀ ድርብ ጂፕሰም ሠርታችሁ አንድ ስንዝር ያህል አወረዳችሁት። በበረንዳው በኩል የሚገባውን ብርሃን ወርቃማ ከባድ መጋረጃ ጋርዶታል። የተከራያችሁት የማዕዘን ሶፋ አንድ ክንፉ የበረንዳውን በር ስለያዘው ገዥዎች የሚወጡት ጎናቸውን አዙረው ነው። ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ፎቶግራፉን አይቶ የመጣ ሰው ግን ገና ከበሩ ላይ «ሳሎኑ ይህ ብቻ ነው?» ይላል።

ይህን የጣዕም ልዩነት ነው ብዬ ባልፈው እንኳ ስለ ሮቶው ዝም ማለት አልችልም። በረንዳው ላይ ባለ 500 ሊትር ሮቶ ነበረኝ። ሠራተኞቻችሁ እይታ ያበላሻል ብለው ቧንቧውን ቆርጠው ሮቶውን ምድር ቤት ከደረጃው ሥር ጣሉት፤ በቦታውም ሁለት የፕላስቲክ አበባ አቆሙ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት የሚያይ ገዥ የሚጠይቀው ስለ አበባ አይደለም። ከመጡት አንዷ ወይዘሮ በቀጥታ ወጥ ቤት ገብተው ቧንቧውን ከፈቱት፤ አንድ ጊዜ ተንፍሶ ዝም አለ። «ማጠራቀሚያ የለውም ማለት ነው?» ሲሉኝ ከደረጃ ሥር ወስጄ ላሳያቸው?

ዋናው ቅሬታዬ ግን መታጠቢያ ቤቱንና መኝታ ቤቱን የሚለየውን ግድግዳ ይመለከታል። ቧንቧው ሳይነካ፣ እርጥቡ ልስን ሳይፈቀፈቅ፣ ስቱኮ ተለቅልቆ ፕላስቲክ ቀለም ተደርቦበታል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ከውስጥ እንደሚነፋው ማንኛውም ቀለም ቀቢ ያውቃል። በዋጋ ልንስማማ ተቃርበን የነበረው ገዥ ከእናቱ ጋር ተመልሶ ሲመጣ፣ እናትየው ከአልጋው ራስጌ በላይ ያበጠውን ቦታ አይተው በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። ቀለሙ እንደ ቆዳ ተላጠና ኖራ የመሰለ ውሃ በጣታቸው ላይ ወረደ። ምንም አልተናገሩም፤ ጣታቸውን ብቻ ለልጃቸው አሳዩት። ያ ሰው ከዚያ በኋላ ስልኬን አላነሣም። ለደላላው «ይህን ከሸፈኑ ሌላ ስንት ነገር ሸፍነው ይሆን?» ብሎታል፤ አልፈርድበትም። ፍሳሹን ሳልደብቅ ብነግረው ከዋጋው ጥቂት ያስቀንሰኝ ነበር እንጂ ገዥ አያሳጣኝም ነበር።

በዚህ ላይ ሂሳቡ 142,600 ብር ሆኖ መጣ። ስለ ጂፕሰሙ፣ ስለ መጋረጃውና ስለ ሶፋው ኪራይ በጽሑፍ ቀርቶ በቃል እንኳ የጠየቀኝ የለም። ይባስ ብሎ ያልተሠራው የቧንቧ ጥገና 9,400 ብር ተብሎ ተመዝግቧል! በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚጸና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 ደንግጓል። ይህ ደብዳቤም በዚሁ ሕግ ቁጥር 1772 መሠረት የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ሆኖ እንዲቆጠርልኝ እጠይቃለሁ።

ስለሆነም ከውሉ ጣሪያ በላይ የተጠየቀው 57,600 ብር እንዲሰረዝልኝ እፈልጋለሁ። በቅድሚያ 50,000 ብር ከፍያለሁ፤ ቀሪውን 35,000 ብር የምከፍለው ፍሳሹ ተጠግኖ፣ ግድግዳው ደርቆ እንደገና ሲቀባና ሮቶው ቦታው ተመልሶ ውሃ ሲይዝ ሳይ ነው። ሶፋውና መጋረጃው ይነሡልኝ፤ ለሽያጭ ማስታወቂያ የተለቀቁት ፎቶግራፎችም ቤቱን በትክክል በሚያሳዩ ይተኩ። ጂፕሰሙን አፍርሱልኝ አልልም፤ ሌላ አቧራ ነው የሚያመጣብኝ። ሳንቲም ግን አልከፍልበትም።

እስከ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም. በጽሑፍ መልስ ካልሰጣችሁኝ፣ ሥራውን በሌላ ባለሙያ አሠርቼ ወጪውንና የደረሰብኝን ኪሣራ በፍርድ ቤት እጠይቃለሁ። የውሉን ቅጂ፣ የላካችሁልኝን ሂሳብና የግድግዳውን ፎቶግራፎች አያይዣለሁ። ጠጋኞቹ ሲመጡ ቀድመው ይደውሉልኝ፤ ቁልፉ ከእንግዲህ በእኔ እጅ ነው።

ከሰላምታ ጋር
የቤቱ ባለቤት