የሐይቅን ድንበር ማን ያስምር?

ክቡር አዘጋጅ፣

የአውስትራሊያ ፖለቲካ ደሴ ላለ ሰው ምን ያገባዋል ትሉኝ ይሆናል። ያገባዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. የአገሩ መንግሥት ሰፊ የባሕር ክልል ጥብቅ ሲያደርግ የተቃዋሚው ወገን ክርክር፣ «ሚኒስትሩ ብቻውን አይወስን፤ ፓርላማው የመሻር ሥልጣን ይኑረው» የሚል ነበር። በ2013 ተቃዋሚዎቹ ራሳቸው መንግሥት ሆኑና የጥብቅ ክልሎቹን የአስተዳደር ዕቅድ ወደ ጎን አሉት። አንዱ በፊርማ ያሰመረውን ሌላው በፊርማ ይሰርዘዋል።

እኛ ባሕር የለንም። ሐይቅና አርዲቦ የሚባሉ ሁለት ሐይቆች ግን አሉን። ጥበቃ ይፈልጋሉ፣ በዚህ አልከራከርም። ዳር ዳሩ ሲታረስ በክረምት ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ውኃው ውስጥ ይከተዋል። ግን ዓሣው የት እንደሚራባ፣ መረብ የት መጣል እንደሌለበት የሚያውቀው ጎህ ሲቀድ ጀልባ የሚገፋው አጥማጅ ነው። ደሴ ቁጭ ብለን ጥብሱን የምንበላው እኛ የምናውቀው ሎሚ ማነሱን ብቻ ነው!

ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ እንዲመከርበት ያዛል። እንግዲህ በሐይቆቹ ላይ ጥብቅ ክልል ይሰመር ከተባለ ካርታው መጀመሪያ በገበያ ቀን ሐይቅ ከተማ ላይ ይለጠፍ። ከዚያ ምክር ቤት ይቅረብ። ባለሥልጣኑ መጨረሻ ላይ ይፈርም።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ