ለአሮጌ የቆርቆሮ መጫወቻ አዲስ ቀለም የማንቀባበት ምክንያት

ውድ ደንበኞቻችን፦

ብዙዎቻችሁ አሮጌ የቆርቆሮ መኪናና ባቡር ስታመጡልን «አዲስ አስመስሉልኝ» ትሉናላችሁ። ሞላውን እናስተካክላለን፣ የማርሹን ጥርስ እናጸዳለን፤ ቀለሙን ግን አንነካም።

ምክንያቱ መጫወቻው የያዘው ታሪክ ነው፤ ይህንንም በጀርመን ያለው የኑረምበርግ መጫወቻ ሙዚየም በደንብ ያሳያል። የሙዚየሙ መነሻ ሊዲያና ፓውል ባየር የተባሉ ባልና ሚስት ከ1920ዎቹ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) የሰበሰቡት ዕቃ ነው። በ1971 ሲከፈት የመጀመሪያዋ ኃላፊ ልጃቸው ዶክተር ሊዲያ ባየር ነበሩ። ዛሬ ስብስቡ 87,000 ያህል ዕቃ ይዟል፤ ለዕይታ የሚቀርበው ጥቂቱ ብቻ ነው። ቦታውም አለምክንያት አልተመረጠም። በኑረምበርግ የአሻንጉሊት ሠሪዎች ስም ከ1400 ገደማ ጀምሮ በመዝገብ ይገኛል፤ በዘመኑ ከዓለም ታላላቅ መጫወቻ አምራቾች አንዱ የነበረው ቢንግም እዚያው የተቋቋመ ነው።

የቢንግ ዕቃ በእጃችሁ ካለ ገልብጡና ምልክቱን እዩ። ጂ፣ ቢ፣ ኤን የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉበት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ በፊት የተሠራ ነው፤ ቢ እና ደብልዩ ከሆኑ ከዚያ በኋላ። በሌሎች የጀርመን መጫወቻዎች ላይ «የአሜሪካ ቀጠና» (ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ የተቆጣጠረችው የጀርመን ክፍል) የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካለ ዕቃው ከ1945 በኋላ የመጣ ነው። አንድ እጅ ቀለም ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል።

ሥዕሉ የሚታተመው ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ላይ ነው። በምድጃ ደርቆ ይቆረጣል፣ ቅርጽ ይወጣለታል፣ ከዚያ ትንንሽ ምላሶቹ በቀዳዳ ገብተው ይታጠፋሉ። ከኅትመቱ ሥር ዝገት የሚከላከል ስስ የቲን ልባጥ፣ ከእሱም ሥር ብረት አለ። አዲስ ቀለም ከመቀባት በፊት የሚታሽበት ብርጭቆ ወረቀት ሥዕሉን ከነልባጡ ይልጠዋል፤ ብረቱ እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋል። በተቆረጠው ጠርዝ ላይ ልባጥ ስለሌለ ዝገት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሞላው አልሠራ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረ ነገር የለም፤ የደረቀ ዘይት ነው የያዘው። በምግብ ዘይት አትቀቡት፣ ቆይቶ እንደ ሙጫ ይሆናል። እኛ መጀመሪያ ሞላውን እናላላለን። መሙያ ቁልፉን ጠበቅ አድርገን ይዘን፣ ማቆሚያውን እናነሳና ቁልፉ በእጃችን ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ኋላ እንዲዞር እናደርጋለን። ካመለጠ የማርሽ ጥርስ ይረግፋል፣ ጣትም ይቆርጣል። ቀጥሎ ዕቃውን ለመክፈት የምናቃናው በአንድ ጎን ያሉትን ምላሶች ብቻ ነው፤ አንድ ምላስ ሦስት አራት ጊዜ ከታጠፈ ይሰበራልና። ቀጭን የሰዓት ዘይት በመርፌ ጫፍ፣ ለእያንዳንዱ የዘንግ ጫፍ አንድ ጠብታ፤ ጥርሶቹ ላይ ግን ምንም፣ አቧራ ይሰበስባልና።

የሴሉሎይድ (የድሮ ፕላስቲክ ዓይነት) አሻንጉሊት ካላችሁ ከቆርቆሮው ለይታችሁ አስቀምጡ። ሲያረጅ አሲድ ያለበት ጋዝ ያወጣል፣ በአካባቢው ያለውን ብረት ያዝጋል፣ እሳትም ቶሎ ይይዘዋል። አሮጌ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል እነዚህን ዕቃዎች ለሕፃናት መጫወቻ አትስጡ።

ስትልኩልን በላስቲክ አትጠቅልሉ፣ እርጥበት ያፍናል፤ ነጭ ስስ ወረቀት ይበቃል። ቁልፉን ነቅላችሁ ለብቻው ጠቅልሉ፣ የሆዱን ምልክትም ፎቶ አንስታችሁ አስቀድማችሁ ላኩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ክፍላችን