የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የፍተሻ ሞዱ ለምን ጠፋ?

ክበባችን ዘንድሮ ችግኝ ተክሏል፣ የጥያቄና መልስ ውድድርም አካሂዷል። የዓመቱን ልፋት የወሰደው ግን አንድ ጥያቄ ነው፦ በሠራነው ትንሽ የመኪና ሞዴል ላይ የፍተሻ ሞዱ ለምን በራሱ ይጠፋል?

ነገሩ የተጀመረው ጋራዥ ስንጎበኝ ነው። የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ለድሬ ልጅ ብርቅ አይደለም። መካኒኩ በፊት ጎማ የምትነዳ አንዷን በክሪክ አንስቷታል። ፔዳሉን ሲረግጥ የፊት ጎማዎቹ ዞር ዞር አሉና ኃይሉ ተቋረጠ። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ። ተማሪዎቹ ተበላሸች ብለው ሲንሾካሾኩ አንዷ የ9ኛ ክፍል ልጅ፣ «አቦ ቲቸር፣ አልተበላሸችም። ያንሸራተታት መስሏት ነው» አለች።

ልክ ነበረች። እያንዳንዱ ጎማ ላይ ፍጥነት የሚለካ ሴንሰር አለ። መንገድ ላይ አራቱም ጎማዎች ተቀራራቢ ፍጥነት አላቸው። ሁለቱ በፍጥነት ሲዞሩ ሁለቱ ከቆሙ ኮምፒውተሩ መኪናዋ ጭቃ ላይ ያለች ይመስለውና ኃይል ይቀንሳል። የመኪናን ጉልበት በሮለር ላይ የሚለካው ዳይኖ የሚባለው መሣሪያም ይህንኑ ችግር ያመጣል። ስለዚህ አምራቾች መንሸራተት መከላከያውን የሚያጠፋ ልዩ የፍተሻ ሞድ ያዘጋጃሉ። ቴስላ በጥገና ሜኑው ውስጥ አስቀምጦታል። በቀድሞዎቹ የቶዮታ ፕሪየስ ሞዴሎች ደግሞ ፔዳሉን በተወሰነ ቅደም ተከተል በመርገጥ ይገባበታል።

እውነተኛ መኪና ላይ ልጆች እንዲነካኩ አልፈቅድም። ብርቱካናማዎቹ ኬብሎች የሚሸከሙት ቮልቴጅ ይገድላል። ስለዚህ ትንሽ ሞዴል ሠራን። ሞተሮቹ ከተሰበሩ መጫወቻዎች፣ ኩሽኔታዎቹ ከአሮጌ ባጃጅ ተገኙ። ሮለሮቹን በቶርኖ ያወጡልን በባቡር ወርክሾፕ የሠሩ አንድ አባት ናቸው። እጃቸው ይባረክ! የ11ኛ ክፍል ልጆች ፕሮግራሙን ጻፉ፦ የፊት ጎማ ከኋላው ከፈጠነ ኃይል ይቁረጥ። ወለል ላይ ሸጋ ሆኖ ሄደ። ሮለር ላይ ሲወጣ ልክ እንደ ጋራዧ መኪና ቀጥ አለ።

ቀጥሎ የፍተሻ ሞድ ጨመርን። ቁልፉን ተጭኖ ሲቆይ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ሞተሩ ሲነሳ ግን መብራቱ ድርግም ይላል፤ ሞዱም ይጠፋል። ቁልፉ ተቀየረ። ብየዳው ታደሰ። ምንም ለውጥ የለም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንቀይር፣ ያየነውንም ደብተር ላይ እንጻፍ ብለን የተስማማነው ያኔ ነው።

አንዲት ልጅ የመልቲሜትሩን (የቮልት መለኪያውን) ጫፎች ፕሮግራሙን በሚያሠራው የመቆጣጠሪያ ካርድ የኃይል መግቢያ ላይ ያዘች። ሌላው ሞተሩን አስነሳ። 5 ቮልት የነበረው ወደ 3 ወረደና ተመለሰ። ሁሉም በአንድ ድምፅ ጮኹ። ሞተሩ ሲነሳ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ካርዱ ለአፍታ ይጠፋና እንደ አዲስ ይነሳል። ሲነሳ ደግሞ ሞዱን ይረሳል።

እዚህ ላይ ጥሩ ክርክር ተነሳ። ገሚሶቹ «ሞዱ ሚሞሪ ላይ ይቀመጥ፣ እንዳይረሳ» አሉ። ቀላሉ መንገድ እሱ ነበር። እኔ ግን ተቃወምኩ። መንሸራተት መከላከያው እንደጠፋ መንገድ የወጣች መኪና ዝናብ ቢያገኛትስ? ማጥፋትና ማስነሳት ሞዱን መሰረዙ ጥበቃ ነው። መስተካከል ያለበት የኃይል አቅርቦቱ ነው። ልጆቹ ተከራክረው ተከራክረው ለካርዱ የራሱን ባትሪ ሰጡት። ሞዱም ሳይጠፋ ቆየ።

እውነተኛዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከትልቁ ባትሪ ሌላ ለኮምፒውተሮቹ የሚሆን አነስተኛ ባትሪ አላቸው፤ በአብዛኛው 12 ቮልት ነው። እሱ ሲደክም መኪናው የማይገናኙ የብልሽት መልእክቶችን ይደረድራል። የፍተሻ ሞድ አልገባ ሲል መጀመሪያ እሱን መለካት ብዙ ድካም ያድናል። ሌላው ሙቀት ነው። ዳይኖ ላይ መኪናው ስለማይሄድ ንፋስ አያገኝም፤ ፊቱ ትልቅ ማራገቢያ ካልቆመ ይግልና ራሱ ኃይሉን ይቀንሳል። የድሬን የግንቦት ፀሐይ ለሚያውቅ ልጅ ይህን ማስረዳት አላስቸገረኝም።

በሚቀጥለው ዓመት ሮለሩ ላይ ሚዛን ገጥመን የማዞር ጉልበት እንለካለን። ቀመሩን ከወዲሁ ተለማምደነዋል፦ በኒውተን ሜትር የተለካው የማዞር ጉልበት በደቂቃ በሚዞረው የዙር ብዛት ተባዝቶ ለ9,549 ሲካፈል ኃይሉን በኪሎዋት ይሰጣል። 200 ኒውተን ሜትር በደቂቃ 4,775 ዙር ላይ 100 ኪሎዋት መሆኑን ልጆቹ በቃላቸው ይነግሯችኋል። ቤቱ የተቀመጠ ዲጂታል ሚዛን ያለው ወላጅ በልጁ በኩል ቢልክልን ደስታችን ነው።