የተቀባ ፀጉርሽን እስከ ሠርግሽ ድረስ ዳግም ብሊች እንዳታስነኪው

ለንደን፣ ኅዳር

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከረማችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታ አሳጠረች ብለሽ እንዳትቀየሚኝ፤ ዕቃውን የሚያደርስልሽ ሰው ነገ ማታ ስለሚሳፈር ሻንጣው ሳይዘጋ ይህን ጽፌ መጨረስ አለብኝ።

እማዬ ደውላ አለቀሰች። መጀመሪያ ሰው የሞተ መስሎኝ ጉልበቴ ከዳኝ። ኋላ ነው «ልጅቷ ፀጉሯን በብሊች አነጣለሁ ብላ ጨረሰችው፣ ለሠርጓ ምን ልታደርግ ነው» ያለችኝ። ለካ ሰሞኑን ስልክ የማታነሺው፣ ስታነሺም ካሜራውን የምታጠፊው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ገንዘቡ ስለዘገየ የተቀየምሽኝ መስሎኝ በዚያው አፍሬ ዝም ብዬ ነበር። ገንዘቡ አሁን ገብቷል፤ እሱን ከታች እጽፍልሻለሁ።

ፎቶውን የላከችልኝ የአክስታችን ልጅ ናት፤ አትቆጪያት፣ ተጨንቃ ነው። አጉልቼ አየሁት። ከግራ ጆሮሽ በላይ ያለው ፀጉር ተቆርጦ አጭር ሆኖ ቆሟል። ሥሩ ነጭ ነው፣ መሐሉ ቢጫ፣ ጫፉ ግን አሁንም ብርቱካናማ ነው። ከኋላሽ ጠረጴዛው ላይ ባለው ጠርሙስ ላይ ደግሞ 40 የሚል ቁጥር ይነበባል። እንቅልፍ የነሳኝ ያ ቁጥር ነው።

እማዬ «አንቺን አይታ ነው» አለችኝ። ይህ ከነከነኝ። የፀጉር ቤት ደንበኞቼን ፎቶ የምልክላችሁ ሥራዬን እንድታዩልኝ ነው፤ እዚህ ያለ ሰው ስለሌለኝ ጥሩ ስሠራ የማሳየው ለእናንተ ነው። አንቺም ብሊች ልቀባ ነው ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ ብትጠይቂኝ ኖሮ አትቀቢ አልልሽም ነበር፣ እንዴት እንደሚቀባ ግን እነግርሽ ነበር። አብዛኞቹ እኔ ዘንድ የሚመጡት ሴቶች ፀጉራቸው ሲፈጠርም ቡናማ ወይም ወርቅማ ነው፤ ሩቅ መንገድ የለባቸውም። የእኛ ጥቁር ነው። ከጥቁር ተነስቶ ቀይ ይሆናል፣ ከዚያ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቢጫ፣ መጨረሻ ላይ የሙዝ ልጣጭ ውስጡን የመሰለ ፈዛዛ ቢጫ። ፕላቲነም የሚባለው እዚያ ከተደረሰ በኋላ ቢጫውን ቶነር በሚባለው ቀለም አጥፍተን የምናወጣው ነው። ጥቁር ፀጉር ሲመጣብን በአንድ ቀን አንጨርሰውም፤ በየመሐሉ ሳምንታት እያሳረፍን እናስኬደዋለን። በጠርሙሱ ላይ 20 የሚለው 6% ፐርኦክሳይድ ነው፣ ከብሊቹ ዱቄት ጋር የሚበጠበጠው ፈሳሽ ማለት ነው፤ 40 የሚለው 12%፣ እጥፉ ነው። ሥር አካባቢ ደግሞ የራስ ቆዳ ሙቀት ስላለ ብሊቹ ይፈጥናል፤ ሥሩ ነጭ ሆኖ ጫፉ ብርቱካናማ የቀረው ለዚህ ነው። የቀባችሽን ልጅ አልረግማትም፤ ያስተማራት ሰው የለም።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፦ ጫፉን እኩል ነጭ ላድርገው ብለሽ እንደገና ብሊች እንዳታስነኪው። ብርቱካናማው ካስጠላሽ ጥቂቱ ይቆረጥ፣ ሌላው ከሥሩ ጋር የሚሄድ ቶነር ይቀባ። ፀጉር ከራስ ቆዳ ከወጣ በኋላ ሕይወት የለውም፤ እንደ ቁስል አይድንም። ጥንካሬ የሚሰጡት በውስጡ ያሉት ማያያዣዎች ናቸው፤ ብሊቹ ቀለሙን ሲበላ እነሱንም ይበጥሳቸዋል። ኦላፕሌክስ የሚባለውን የፀጉር ማከሚያ፣ 3 ቁጥሩን፣ የላክሁልሽ ከተበጠሱት የተወሰኑትን መልሶ እንዲያያይዝልሽ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሻምፖ ከመነካቱ በፊት፣ እርጥብ ፀጉር ላይ ቀብተሽ ቢያንስ 10 ደቂቃ ቆይተሽ ታጠቢው። እንደ በፊቱ አያደርገውም፤ ያለው እንዳይበጠስ ግን ይረዳል። ጥቂት ፀጉር ለይተሽ አርጥበሽ በቀስታ ሳቢው፤ ተለጥጦ ከተመለሰ ደህና ነው፣ ተለጥጦ ከቀረ ወይም ከተበጠሰ ግን ማበጠሪያም ቢሆን በስስት ነው የሚነካው።

በሳምንት አንዴ ብቻ ታጠቢ፣ ውሃው ለብ ያለ ይሁን። ሐምራዊው ሻምፖ ለየቀኑ አይደለም፤ ቢጫነት ሲታይሽ ብቻ ነው። ሐምራዊ ቢጫን ያጠፋል፣ ብርቱካናማን ግን አያጠፋም፤ ጫፉ ለምን አልነጣም ብለሽ ደጋግመሽ እንዳትቀቢው። መጀመሪያ 3 ደቂቃ ሞክሪ። የተጎዳ ፀጉር ቀለም ቶሎ ይጠጣል፤ ብታቆዪው ወይን ጠጅ ሆኖ ይቀራል፣ ይደርቃልም። ኮንዲሽነሩን ሳታለቅልቂ ጥርሱ በሰፋ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ላይ አበጥሪ። በፎጣ አትፈትጊው፣ በአሮጌ ካናቴራ ጫን ጫን አድርገሽ አድርቂው። ሎሚ ቢጫውን ያነሳል የሚሉሽንም አትስሚ፤ ያው የሚያደርቅ ነገር ነው።

ውሃውን ሳልረሳ። እዚህ ለንደን ውሃው ከባድ ነው፤ ማንቆርቆሪያዬ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፣ ያው ነገር ደንበኞቼ ፀጉር ላይም ይቀመጣል። እናንተም ውሃ የምታፈሉበት ዕቃ ውስጡ ነጭ ከጋገረ እንደዚያው ነው ማለት ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ አፍልተሽ፣ አቀዝቅዘሽ፣ ዝቃጩን ትተሽ ከላይ ቅጂ። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደውን ቡናማ ውሃ ደግሞ በፍጹም ራስሽ ላይ እንዳታፈሺው፤ ዝገት ነው፣ ነጩን ፀጉር ያቀላዋል። ሮቶው ይሙላ፣ ይጥለል፣ ከዚያ።

ፒያስትራ እስከ ሠርጉ ቀን አይነካው። የዚያን ቀንም ከ180 ዲግሪ በታች፣ የላክሁልሽን ስፕሬይ ነፍተሽ ፀጉሩ ደርቆ ሳለ ብቻ። ለፀሐይ ሻሽ እሰሪ፤ የአዲስ አበባ ፀሐይ ከፍታው ላይ ስለሆነ ብርዱ ያታልላል እንጂ ያቃጥላል። ማታ የሳቲኑን ቆብ አድርጊ፤ ጥጥ ትራስ እርጥበቱን እየጠጣ ፀጉሩን ይፈትጋል።

አሁን የማስበው እማዬን ነው። ለጋ ቅቤ ካልቀባሁሽ እያለች እንደምትከተልሽ አውቃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት በረንዳው ላይ ጉልበቷ መሐል አስቀምጣን ቅቤውን በመዳፏ ስታሟሟው፣ በማጅራታችን ሲወርድ፣ አንቺ ሸተተኝ ብለሽ ስትሸሺና ባንድ እጇ ስትይዝሽ። እዚህ በጣም ውድ ዘይት ያለው ትሪትመንት በሰው ራስ ላይ ሳሽ ውዬ ወደ ቤት ስመጣ ያ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣብኛል፤ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። ያን እጇን ያየሁበት ጊዜ ራቀ።

ቅቤው ግን ነጩ ፀጉር ላይ አይሂድ። ላዩን ይሸፍነዋል እንጂ የተበጠሰውን አያያይዝም፤ እሱን ለማስለቀቅ ደግሞ ሻምፖ ደጋግመሽ ማሸት ይኖርብሻል፣ የሚጎዳሽ እሱ ነው። እንቢ አትበያት። ብሊቹ ያቃጠለሽ ቦታ ደህና ከሆነ፣ ከመታጠብሽ በፊት ባለው ምሽት በጣቷ ጫፍ ጥቂት አድርጋ አዲስ የበቀለው ጥቁር ሥር ላይ ብቻ ታሽልሽ። እሷም ደስ ይላታል፣ አንቺም ትተኚያለሽ።

ስለ ሠርጉ። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ እስከ ጥር ሥርሽ ጥቁር ሆኖ ይታያል። እዚህ ሆን ብለው ሥሩን ጥቁር አስቀርተው የሚሠሩ ብዙ ናቸው፤ እኔ ተዪው ነው የምልሽ። ካላስቻለሽ ልምድ ያላት ሰው በ20 ሥሩን ብቻ ትንካልሽ፣ ቀድሞ የነጣው ላይ ጠብታ እንዳይደርስ። ከሱም በላይ የሚያሳስበኝ መልሱ ነው። ሹሩባ ሠሪዋ አልባሶ ስትሠራሽ የፊቱን አጥብቃ ከጎነጎነችው ከጆሮሽ በላይ የቀረው አብሮ ይነቀላል። ላላ አድርጋ፣ ወፈር ወፈር አድርጋ ትሥራው፤ የተቆረጠው ቦታ ላይ ሂውማን ሄር አይሰፋበት፣ ክብደቱን አይችልም። እንሶስላ ስትሞቂ ደግሞ እጅሽ ተጠቅልሎ ሳለ ፀጉርሽን ከኋላ ሰብስበው በላስቲክ ቆብ ይሸፍኑልሽ፤ ነጭ ፀጉር እንሶስላ ከነካው ብርቱካናማ ሆኖ ይቀራል። ወይባም ከሞቅሽ እንዲሁ። የእጣንና የከሰል ጭስ ቢጫ ያደርገዋል፤ ቡና ሲፈላም ሻሽሽ አይውረድ።

እማዬ «በሐበሻ ቀሚስ ላይ ነጭ ፀጉር ምን ይባላል» ብላኛለች። እኔ ያምርባታል አልኳት፣ ለአንቺም የምለው ይህንኑ ነው። ጠይም ፊትሽ ላይ ያ ነጭ ደምቆ ነው የታየኝ። እጮኛሽም እንደወደደልሽ ሰምቻለሁ፤ ተበጣጥሶ አይቶም አብሮሽ ፀጉር ቤት እየተመላለሰ መሆኑን ስሰማ ልቤ አረፈ። ይህን ሰውዬ እኔ በአካል አላውቀውም፣ ግን ወደድኩት።

እንደማልመጣ ግን ለእማዬ ንገሪያት ማለት ከብዶኝ እስካሁን አቆየሁት። አልመጣም፣ እህቴ። እረፍት ስላልሰጧት ነው በያት፤ የወረቀቱን ነገር እኔና አንቺ ብቻ እንወቀው። ሙሽራ ፀጉር ሠርቼ ስሸኝ የምውል ሰው የገዛ እህቴን ሌላ ሰው ሲሠራት በስልክ ማየቴ ሆዴን ይበላኛል። ሳሌንም ብርድ ነው በያት። የብሊቹ ዱቄት ሲበን ደረት ይይዛል፤ አሁን ማስክ አደርጋለሁ፣ መስኮትም እንከፍታለን፣ በጣም ተሽሎኛል። ለቀባችሽም ልጅ ይህን ንገሪያት፣ በዚያች መስኮት በሌላት ክፍል ዱቄቱን እንዳትበጠብጥ።

ገንዘቡ 300 ፓውንድ ነው። መጀመሪያ እማዬ ትመርመር። የጾሙ ሰሞን መድኃኒቷን በባዶ ሆዷ እየዋጠች እንደምትውል አውቃለሁ፤ ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው እንዴት እንደሚጾም ሐኪሟን ትጠይቅ፣ የንስሐ አባቷም ያውቁላት። የስኳር መለኪያ ስትሪፑን ከሻምፖው ተለይቶ በነጩ ካርቶን ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ እርጥበት እንዳይነካው፣ ክዳኑንም ከፍታችሁ እንዳትተዉት። የቀረው ለቬሎው ኪራይ ይሁንሽ። ለፀጉርሽ ከእሱ ላይ ምንም እንዳታወጪ፣ የሚያስፈልገው ሁሉ ሻንጣው ውስጥ አለ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ እደውላለሁ። ሻሽሽን ፈትተሽ መስኮቱ ጋ ተቀመጪ፣ በመብራት አይታየኝም። ካሜራውን አታጥፊ። አንድ ብርጭቆ ውሃ አጠገብሽ ይኑር፤ ያን የመሳቡን ነገር አብረን እናየዋለን፣ ምን ያህል እንደሚቆረጥም ያኔ እንወስናለን። የእማዬን የጠዋት ስኳር፣ ምንም ሳትቀምስ የተለካውን፣ ለሦስት ቀን ቁጥሩን ጽፈሽ ጠብቂኝ።

እህትሽ

ሐምራዊውን ጠርሙስ በሁለት ላስቲክ ጠቅልዬዋለሁ። ስትፈቺው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ፍቺው፤ ፈስሶ ከሆነ የእማዬን ነጠላ ያበላሻል።