የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው አረጋውያንም እድርተኛ ይሁኑ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የምኖረው አራት ኪሎ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ አጥር ሥር ነው። በግቢው ከሚጦሩት መካከል ወላጆቻቸው እስኪያልፉ ድረስ ከቤት ሳይወጡ የኖሩ፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው እናቶችና አባቶች ይገኙበታል። በበዓል በግ ይዞ የሚመጣ ጎብኚ አይጠፋም (ደግነቱን ማጣጣሌ አይደለም)፤ በማግስቱ ግን ለለቅሶም ሆነ ለሠርግ የሚጠራቸው የለም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነዋሪዎች ለመልሶ ማልማት ወደ ከተማው ዳር ከተዛወሩ ወዲህ ደግሞ ይጠይቋቸው የነበሩ የቀድሞ ጎረቤቶች ርቀዋል።

በቅርቡ በሰፈራችን ለቅሶ ሲደርስ፣ ከመካከላቸው አንዱ አባት ከተንከባካቢያቸው ጋር ድንኳን ገብተው ወንበር ሲደረድሩ፣ የተዛነፈውንም እየተመለሱ ሲያስተካክሉ አይቻለሁ። ይህን ሥራ ጎረምሶቻችን እንኳ ይሸሹታል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41(5) መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአእምሮ ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንዲረዳ ይደነግጋል። በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ግን በአንቀጽ 19 ከእርዳታ አልፎ ከማኅበረሰቡ ተነጥለው እንዳይኖሩ ያዛል። ከአእምሮ ዕድገት ውስንነት መንስኤዎች አንዱ የሆነው ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች የመርሳት በሽታ ከሌላው ሰው ቀድሞ ሊጀምራቸው ስለሚችል፣ የሚያውቁት ፊት በየጊዜው መመላለሱ ለእነርሱ ቅንጦት አይደለም።

ስለዚህ ወረዳው ከእድር ዳኞች ጋር ተነጋግሮ፣ መጦሪያው ወርኃዊ መዋጮውን እየከፈለ እያንዳንዳቸው በየስማቸው በእድር መዝገብ እንዲሰፍሩ፣ በስብሰባና በለቅሶም ከተንከባካቢ ጋር እንዲገኙ እንዲያደርግ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአራት ኪሎ ነዋሪ