ለውድ ደንበኞቻችን፦ ለሚጣል ወረቀት ለምን ማስከፈል ጀመርን?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ሳምንት በራችን ላይ የለጠፍነው ማስታወቂያ ብዙዎቻችሁን አስቆጥቷል። ካሁን በኋላ በወረቀቱ ፊትና ጀርባ እናትማለን፣ ታትሞ ለሚጣልም እናስከፍላለን፣ የብዛት ቅናሽም ቀርቷል ይላል። ምክንያቱን ሳንነግራችሁ በድንገት መለጠፋችን ጥፋት ነው፤ ይቅርታ። ውሳኔውን ግን አላነሳም።

አንድ የቆየ ደንበኛ "ከድሃ ኪስ ልትለቅም ነው?" አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ይህ ቃል እንቅልፍ ነስቶኛል። ይህን ቤት የከፈትኩት በአንድ አሮጌ ማሽን ነው። ወረቀት በያዘ ቁጥር እጄ ቀለም በቀለም እስኪሆን ስፈታና ስገጥም ነው ያደግኩት። ያኔ የመጡልኝ አንድና ሁለት ገጽ የሚያሳትሙ ሰዎች ነበሩ። እነሱን ልበድል አልነሳም።

ከማሽኑ ሥር የተበላሸ ወረቀት የምንጥልበት ካርቶን አለ። በፊት በሳምንት አንዴ ነበር የሚሞላው፤ ኋላ ላይ በሁለት ቀን መሙላት ጀመረ። አንድ ማታ መሬት ላይ ዘረገፍኩት። ከላይ የነበረው ወረቀት "ገጽ 2 ከ 2" ከሚል በቀር ምንም የለበትም። ከሥሩ ባለ 5 ገጽ የስብሰባ ሰነድ አገኘሁ፤ 100 ቅጂ፣ ሁሉም በአንድ ፊት ብቻ የታተመ። ቀኑ ተሳስቶ ስለነበር ያዘዘው ሰው "ጣሉትና እንደገና ሥሩልን" ብሎ ነው የሄደው። 500 ወረቀት ማለት አንድ ሙሉ ደስጣ ነው። የተለመደው ኤ4 ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ስለሆነ አንዱ 5 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ 2.5 ኪሎ ወረቀት ሳይነበብ ካርቶን ገባ።

ታዲያ ማን ከፈለው? ደብተሬን ገልጬ ሳየው አፈርኩ። ኪሳራውን በእያንዳንዱ ገጽ ዋጋ ላይ በትነነው ኖሯል። ሥራ ፍለጋ አንድ ገጽ ማመልከቻ ለማሳተም የሚመጣ ወጣት አለ። ስክሪኑ ላይ ሦስት ጊዜ ያነበዋል። ሲወጣለት እንዳይታጠፍ ጠርዙን ይዞ ፕላስቲክ ውስጥ ያስገባዋል። ካርቶናችን ውስጥ የሱ ወረቀት የለም። የዚያን ሙሉ ደስጣ ድርሻ ግን ከፍሏል። ቅናሹን ደግሞ የምንሰጠው ለአባካኙ ነበር!

በዕቃ ላይ ስለሚጣል ግብር የምናማርረው እኮ ለዚህ ነው። ሀብታሙም ድሃውም ለአንድ ዕቃ እኩል ይከፍላሉ። ገቢው ሁሉ ለፍጆታ የሚያልቅበት ሰው ግን ከገቢው ትልቁን ድርሻ የሚሰጠው እሱ ነው። የግብሩን ሕግ እኔ አልለውጠውም። የገጼን ዋጋ ግን እኔ ነኝ የማወጣው። በገዛ ቤቴ ያንኑ እየሠራሁ ስለ ፍትሕ ላወራ አልችልም።

"ግብር ሲጨምርብህ በአካባቢ ጥበቃ ሸፈንከው" ያላችሁም አላችሁ። ወረቀቱም ቀለሙም ግብሩም ከብዶኛል፣ አልደብቅም። ግን የአንድ ገጽ ዋጋ አልነካሁም። "ለምን ለመልሶ መጠቀሚያ አትሰጡትም?" ለሚሉም፦ እንሰጣለን። ነገር ግን ወረቀቱ የተሠራበት ቃጫ በተፈጨ ቁጥር እያጠረ ይሄዳል፤ ለዘላለም አያገለግልም። መፍጨቱ ውኃና ኃይልም ይፈልጋል። በሙቀት የሚታተመው ደረሰኝ ደግሞ ኬሚካል ስለተቀባ ከሌላው ጋር አይቀላቀልም። እሱን ግን ልናስቀር አንችልም፤ ደረሰኝ መስጠት ሕግ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከብዙ ቅጂ በፊት አንድ ናሙና በነፃ እናወጣለን፤ አንብባችሁ "ይሁን" ስትሉ እንቀጥላለን። ስህተቱ የማሽኑ ወይም የእኛ ከሆነ ለሚጣለው አትከፍሉም። በአንድ ፊት መሆን ያለበትን ሰነድ፣ ንገሩን ብቻ፣ እንደ ድሮው እንሠራለን።

በዚህ ሳምንት ሁለት ትልልቅ ደንበኞች ሄደውብናል። አልዋሽም፣ ከብዶናል፤ የሠራተኞቼ ደመወዝ ከዚያው ነበር የሚወጣው። ይህን ደብዳቤ ካነበባችሁት ብቅ በሉና እንነጋገር። ያ 100 ቅጂ ሰነድ አሁንም አለ። በባዶው ጀርባው ላይ ናሙና እያወጣንበት ነው፤ የእናንተንም መጀመሪያ የምታዩት እዚያ ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የማተሚያ ቤታችሁ ባለቤት